ማማ ፊሎሜን እና የዝናብ ፈተናዋ

በወደብ ከተማዋ ዱዋላ፣ ኒው ቤል በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ማዶ የመብራት ምሰሶ ነበር። በዚያ ምሰሶ ሥር ፊሎሜን ንጎ ሊኬንግ መጽሐፍ ትሸጥ ነበር። ሱቋ ግድግዳም በርም አልነበረውም፤ ከታች ላስቲክ ተነጥፎ፣ ከላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮ፣ መሃል ላይ መጻሕፍቱ ተደርድረው ይውላሉ። የሰፈሩ ሰው «የምሰሶው መጻሕፍት ቤት» ይለው ነበር። በመንገዱ ዳር እንደ እሷ ያሉ ሻጮች ብዙ ናቸው፤ የሚሸጡት ግን ያገለገለ የትምህርት መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ሰዋስው።

ፊሎሜን የሸራዋን ግማሽ ለሌላ ነገር ለይታ ነበር። እዚያ የሚቀመጡት የጀብዱና የአስማት መጻሕፍት ናቸው፤ አውሬ የሚናገርባቸው፣ ካርታ ላይ በሌሉ ከተሞች የሚጀምሩ። ያውም ነጠላውን ሳይሆን ተከታታዩን ነበር አብልጣ የምትወደው። «አንዱን ጨርሶ ያልጠገበ ልጅ ወዴት ይሂድ?» ትል ነበር።

ይህን የምትለው ያለ ነገር አልነበረም። ልጅ ሳለች ኤዴአ በምትባል ከተማ አንድ የመርከበኞች ታሪክ እጇ ገብቶ፣ መርከቡ ሊሰጥም ሲል መጽሐፉ አለቀባት። የቀሩትን ገጾች አንድ ባለሱቅ ኦቾሎኒ ጠቅልሎባቸዋል። ጸጉሯ ሸብቶ እንኳ አንዳንድ ቀን ቦምቦሊኖዋን በቦሎቄ እየበላች ድንገት መጉረሷን ትተውና፣ «እነዚያ ሰዎች ምን ሆነው ይሆን?» ትላለች።

አዲስ ተከታታይ የምትመርጥበት የራሷ መንገድ ነበራት። ዱዋላ ላይ ዝናብ አስፈቅዶ አይመጣም፤ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲለቅ ተማሪው እየሮጠ ሸራዋ ሥር ይጠለላል። ያኔ ፊሎሜን የማታውቀውን መጽሐፍ አንስታ ጮክ ብላ ታነባለች። ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹ ከሄዱ መጽሐፉን መልሳ ታስቀምጠዋለች። ዝናቡ አባርቶ እነሱ ከቆሙ ግን፣ የቀሩትን ክፍሎች ፍለጋ እስከ ወደቡ ድረስ ትሄዳለች። በዚህ ፈተና የወደቁት ብዙ ነበሩ፤ ሽፋናቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈ ሳይቀር።

አንድ የክረምት ዕረፍት ሊያልቅ ሲል የሻጮቹ ረድፍ ሽማግሌ ቶንቶን ኤቡምቡ፣ አጎት ኤቡምቡ እንደማለት፣ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። የሒሳብ መጽሐፍ ሻጭ ናቸው፤ የቦታ ክፍፍሉንም የሚዳኙት እሳቸው ነበሩ።

«ፊሎሜን፣ ልጆቹ ያለሽን አንብበው ጨርሰዋል። ያ ግማሽ ሸራሽ ከፋሲካ ወዲህ ባዶውን ነው የሚውለው።»

«አዲስ እየፈለግሁ ነው፣ ቶንቶን።»

«ፈልጊ። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ግን ለሰዋስው መጻሕፍት ይሰጣል። ወላጅ የሚገዛው ሰዋስው ነው እንጂ የሚያወራ ነብር አይደለም።»

ፊሎሜን በማግስቱ ወደ ወደቡ ወረደች።

በዱዋላ ወደብ ያገለገለ መጽሐፍ የታሸገበትን ካርቶን የከፈተ ገዛ ማለት ነው። ስለዚህ ገዢው በካርቶኑ መያዣ ቀዳዳ አጮልቆ ያየውን አይቶ ይወስናል። ፊሎሜንም አጮለቀች። ከላይ ያለው መጽሐፍ ሽፋን ላይ አንዲት ልጅ ከነብር ጎን ቆማለች፤ ከሥሩ «የጨው ከተማ ጠባቂዎች» የሚል ተጽፏል። ሥሩ ያሉትም ያንኑ ርዕስ ይዘዋል፣ ተከታታይ! ወዲያው ከፈለች፣ በጋሪ አስጫነች፣ ምሰሶዋ ሥር ስትደርስ በጎረቤቶቿ ፊት በቢላ ከፈተችው።

ሁሉም ክፍል ሁለት ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ ክፍል ሁለት ብቻ።

ረድፉ በሳቅ ፈረሰ። ቶንቶን ኤቡምቡ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ጭንቅላት የሌለው ዓሣ ገዝተሽ መጣሽ!» አሉ። ፊሎሜን አብራ ሳቀች። ማታ ግን ምግብ አልበላችም፤ የገዛችበት ገንዘብ ለሸራው ግማሽ የቀራት የመጨረሻው ነበር።

ትምህርት ተከፈተ። በዚያው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ፣ ልጆቹም ሸራው ሥር ተጨናነቁ። ፊሎሜን ከክፍል ሁለቶቹ አንዱን አንስታ አነበበች። ኦሪላ የምትባል ልጅ ከነብሯ ጋር በጨው ሜዳ ላይ ትጓዛለች። «ድልድዩ ላይ ከሆነው ነገር በኋላ ነብሩ አንዲት ቃል አልተናገራትም» ይላል መጽሐፉ።

«ቆይ ማማ፣ ድልድዩ ላይ ምን ሆነ?» አለ ንጃሳፕ፤ ረጅሙ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ከሱሪው የሚወጣው ልጅ።

«እኔ ምን አውቄ? ያለው ክፍል አንድ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የለኝም።»

«እንዴ! ታዲያ ለምን ታነቢልናለሽ?»

ያን ጊዜ ዝናቡ ማባራት ጀመረ። ንጃሳፕ ቦርሳውን አነገተ። ፊሎሜን መጽሐፉን በጣቷ እንደያዘች የልጆቹን እግር አየች፤ ወደ መንገዱ ዞረዋል።

«ገፍትራው ነው» አለች ዩጌት፣ ወፍራም መነጽር ያላት ልጅ፣ ከጥግ ሆና። «ከድልድዩ ላይ። አስባ ሳይሆን ፈርታ።»

«ነብር ይገፈተራል?» አለ ንጃሳፕ ዞሮ። «አንቺ ነብር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተስ?» አለች ዩጌት።

«እኔ ነብሩ ነው የሸጣት እላለሁ!» አለ ንጃሳፕ።

«ሽጧት ከሆነ ለምን አብሯት ይሄዳል፣ ጅሉ?»

«ማን ነው ጅል?»

ጭቅጭቁ ጋለ። ዝናቡ ቆመ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ሸራው ላይ ያቆረው ውኃ መንጠባጠቡን ተወ፤ ከቦታው የተነቃነቀ አልነበረም። በመሃል ከጎረቤቱ ሸራ ሥር ወፍራም ድምፅ መጣ።

«አላመሰገነችውም! ተሸክሞ አሻግሯት ዘወር ብላ አላየችውም። ማንስ ቢሆን ይናገራታል?»

ቶንቶን ኤቡምቡ ነበሩ። ሁሉም ዞሮ ሲያያቸው የሒሳብ መጻሕፍታቸውን ማስተካከል ያዙ።

ፊሎሜን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ማን ልክ እንደሆነ ቀሪው ምዕራፍ ላይ ፍንጩ ይኖር ይሆናል» አለች። በዚያ ሳምንት ልጆቹ አንዳንዱ ለብቻው፣ አንዳንዱ ተዋጥቶ ክፍል ሁለትን ገዛ፤ ከሌላ ትምህርት ቤት እንኳ «ያ የድልድዩ መጽሐፍ አለ?» እያሉ የሚመጡ ነበሩ። ቶንቶን ኤቡምቡ ካርቶኑን በእግራቸው ነካ አድርገው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ «ሸራሽን ያዢ» ብለው ሄዱ። ለራሳቸው አንድ ቀደም ብለው ወስደው ነበር።

በዓመቱ ፊሎሜን የክፍል አንድን አንድ ቅጂ ከሌላ ገበያ አገኘች። ዝናብ ጠብቃ፣ ልጆቹን ሰብስባ፣ የድልድዩን ምዕራፍ አነበበች። ነብሩ ውኃ ውስጥ ወድቆ ድምፁ ተዘግቶ ኖሯል። ያ ብቻ ነበር።

ዝናቡ ገና እንደ ጉድ ይወርዳል። ንጃሳፕ ቦርሳውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ወደ ዝናቡ ወጣ፤ ሌሎቹም ሊከተሉት ተነሱ።

ፊሎሜን መጽሐፉን ከደነችና የቶንቶን ኤቡምቡ የተንጋደደ በርጩማ እግር ሥር ሸጎጠችው።

«ዩጌት» አለች፣ «ያንቺው የድልድዩ ታሪክ እንዴት ነበር?»

ዩጌት መነጽሯን ጠረገች። ንጃሳፕ ውኃ እያንጠባጠበ ተመለሰ።