የእህቴ የመጨረሻ ነፍስ

ሸዋሮቢት መናኸሪያ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ጌም ቤት ነበረች። እኔና ታላቅ እህቴ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ወደዚያ ነበር የምንሮጠው። የምንወደው ጨዋታ፣ አንድ ጠፈርተኛ በበረሃ ፕላኔት ላይ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ወደ መንኮራኩሩ የሚመለስበት ነው። ሦስት ነፍስ አለው፤ በወደቀ ቁጥር አንዷ ትጠፋለች። አንደኛዋን እኔ እጫወታለሁ፣ ሁለተኛዋን እሷ፤ የመጨረሻዋ ግን ሁልጊዜ የእሷ ናት፣ ታላቅ ናትና።

አንድ ቀን መጨረሻው ላይ ደረስን። መንኮራኩሩ ከሰፊ ገደል ማዶ ቆሟል፤ የቀረችው የእሷ ነፍስ ናት። ጆይስቲኩን አልሰጥም አልኩ። ዘለልኩና ገደል ገባሁ።

በሳምንቱ አክስታችን ዘንድ ልትኖር ወደ ማጀቴ ከተማ ሄደች፤ እዚያው ተድራ ቀረች። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር "እሱ እኮ ነፍሴን የበላ ነው" ትላለች። ሁሉም ይስቃል። እኔ አፍራለሁ።

ዘንድሮ አንድ ሾፌር ጓደኛዬ የድሮ ጨዋታዎች የተጫኑበት፣ በእጅ የሚያዝ ጌም ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ጠፈርተኛው አለ። የምሠራበት ሆቴል በቀትር ሙቀት እንግዳ ስለማይመጣበት እጫወት ጀመር። እነዚያ የሚያስፈሩ ድንጋዮች ለካ ቡናማ ሳጥኖች ናቸው፤ ትንሽ ቅር አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ገደሉ ጋ ደረስኩ፣ አንድ ነፍስ ይዤ።

እዚያው ላይ አቆምኩት። በጌም ቤታችን መብራት ጠፋ ማለት ከሀ መጀመር ስለነበር ላጠፋው አልደፈርኩም። ቻርጀር ላይ አሳድሬ፣ በማግስቱ እንደበራ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በካራቆሬ በኩል ማጀቴ ገባሁ። ጌሙ ቢጠፋም ጨዋታውን ካለበት የሚያስቀምጥ ቁልፍ እንዳለው ሾፌሩ የነገረኝ ስመለስ ነው።

እህቴ ግቢዋ ውስጥ ማሽላ ታበጥራለች።

"እታለም፣ ይቺ ያንቺ ናት፤ ወስጄብሽ ነበር" አልኳት።

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ጠፈርተኛውን ወዲያው አወቀችው።

"የቱ ነው የሚያዘልለው?"

አሳየኋት። አንደረደረችው፣ ዘለለ፣ ገደል ገባ። እኔ የገባሁበት ቦታ ላይ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት፣ እኔ ብሆን እሻገረው ነበር እያልኩ" አለች። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ጌሙን መለሰችልኝ። "በል ከሀ አስነሳው። የመጀመሪያዋ ያንተ ናት።"