ወፏን ያምጡልኝ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ቆሎ ልትቆላ ገብሱን እሳት ላይ ጣደችና ስልኳ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምሁ ነበር። ሽታው ከኋላዬ መጥቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ ተነሥቼ ምጣዱን ማውረድ ሲገባኝ ሰፌዱን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ደርቄ ቀረሁ። ልጅቱ «እማዬ ይቅርታ፥ አረረብኝ» እያለች ትሯሯጣለች። ለእሷ የገብስ ማረር የቆሎ ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ታች ጋይንት፥ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ፥ ሃያ የማይሞሉ ቤቶች በተጠጋጉባት መንደር ነበር። አባቴ ቆላ ወርዶ ወባ አስቀርቶታል፤ እናቴ ጥሩወርቅ መሬቷን ለእኩል አራሽ እየሰጠች እኔን ብቻዋን ታሳድጋለች። ክብሪት ለበዓል እንደሚወጣ ዕቃ የሚቆጠብበት ዘመን ስለነበር፥ እሳት የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ፍሙ ገሉ ላይ ይጫርለትና የደረቀ ኩበት ጣል ተደርጎበት፥ እፍ እፍ እያለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሳት ሊጭር የመጣ ሰው አይከለከልም፤ የተኳረፉ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ይሰጣጣሉ።

ከመንደሩ ሁሉ እሳቱን አዘውትሮ የሚያጠፋው ሸማኔው አያ ሞላ ነበር። ከስማዳ መጥቶ የሰፈረ፥ ርስት የሌለው፥ ሚስትም የሌለው ሰው ነው። የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከሰደደ ምሳውንም ምድጃውንም ይረሳል። የሽመናውን ዕቃ ቋ ቋ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ድምፁ ሲቋረጥ እናቴ «እሳቱ ጠፋበት መሰል» ትልና ሳይመጣ በፊት ፍም ታዘጋጃለች። ፍሙን የማወጣለት እኔ ነኝ። «እግዜር የወርቅ ቤት ይሥራልሽ» ይለኛል፤ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እለዋለሁ፤ «እኔ ሸማኔ ነኝ እንጂ ግንበኛ አይደለሁ» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል።

በጥር፥ አገሩ በሙሉ ገብሱን ከምሮ ውድማ በሚለቀልቅበት ወቅት፥ የአጥቢያው ዳኛ የግራዝማች ክምር ተቃጠለ። ጭሱ ሁለት ቀን ከመንደሩ ላይ አልተነሣም፤ የምንተነፍሰውም የምንጠጣው ውኃም ያረረ ገብስ ሸተተ። በዚያ ሰሞን ከዓባይ ማዶ በግብር ምክንያት ሰው ሸፈተ የሚባል ወሬ ነበርና ግራዝማች ነገሩን የእሳት አደጋ ነው ብለው ሊያዩት አልፈለጉም። የመንግሥት ጠላት እጅ አለበት አሉና አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ማለት እንዲህ ነው። ቤት የሚመራ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ሰው ተራ በተራ እየቀረበ ይምላል፤ የሰማው ነገር ካለ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ብሎ በጆሯቸው ይነግራል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። እናቴም የቤት መሪ ናትና ነጠላዋን አጣፍታ ከወንዶቹ መሀል ተቀመጠች።

እኔ ደግሞ ከእኩዮቼ ጋር ምንጭ ወረድሁ። ልጆቹ ሁሉ ስለ ቃጠሎው ያዩትን ያወራሉ፤ አንዷ ነበልባሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በልጦ አየሁት አለች፥ ሌላዋ ጅብ ሲሸሽ አየሁ አለች። እኔ ተኝቼ ስለነበር ያየሁት የለኝም፤ ያየሁት የለኝም ማለት ደግሞ ሞት መሰለኝ። ስለዚህ «እኔ አያ ሞላን በዚያን ዕለት ማታ በግራዝማች ውድማ በኩል እሳት ይዞ ሲያልፍ አይቸዋለሁ» አልሁ። ውሸት አልነበረም፤ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በዚያው ነው። እሳቱን ከምድጃችን ያወጣሁለት እኔ ራሴ መሆኔን ግን ተውሁት፤ ወሬዬን ያሳንስብኛላ! ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንስራቸውን ሳይሞሉ ሮጡ።

በማግሥቱ ወሬዬ ከእኔ በልጦ አድጎ ነበር። አያ ሞላ እሳት ይዞ አለፈ የተባለው፥ እሳት ይዞ ሲያደባ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሰውየው የሽፍታ ሰላይ ነው ተባለ፤ አጥር ላይ የሚያሰጣው ነጭ ፈትል ምልክት ነው፥ የሽመናው ቋ ቋም ለገደል ማዶ ሽፍቶች የሚልከው መልእክት ነው አሉ። ትናንት ጋቢ ያሠራው ሰው ሁሉ ዛሬ «ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም» ይላል። በሦስተኛው ቀን ደመና ጠቆረ። የእያንዳንዱ ክምር ሜዳ ላይ ነው፥ ዝናብ ከወረደበት ልጆቹ ምን ይበላሉ? ያን ጊዜ የአገሩ ወፍ ሁሉ አንድ ስም ዘመረች።

እኔ ለእናቴ ቂጣ ይዤ ስደርስ አያ ሞላን እጁን የፊጥኝ አስረው ከሜዳው መሀል አቁመውት አየሁ። ወደ ደብረ ታቦር እስር ቤት ሊወስዱት ነው። እዚያ የገባ በሕይወት ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ በጆሮዋ ሁሉንም ነገርኋት፤ ምንጩን፥ ልጆቹን፥ ያስቀረሁትንም። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ቂጣውን ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ሰጥታ «ብይ» አለችኝ፤ ከዚያ ብድግ አለች።

«ሞላ ይዞት የታየውን እሳት የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች፥ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ። «ከእኔ ምድጃ ነው የወጣ። እሱን ካሰራችሁ መጀመሪያ እኔን እሰሩኝ።»

ግራዝማች ከወንበራቸው ተነሡ። «አንች ሴት፥ የአገር ወፍ የመሰከረችበትን ነገር አትንኪ!»

«እንግዲያው ወፏን ያምጡልኝ፥ ጌታዬ። በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚሄዱ። ትምጣና ከሞላ ጋር ትቋጠር።»

እናቴ ከሽማግሌዎቹ መሀል ወደ አንዱ ዞረች። «አንቱ አያ በላይ፥ በእውነት ይመልሱልኝ። እዚህ ሳንሰበሰብ በፊት፥ በቤትዎ ምድጃ የነደደው እሳት ከማን ቤት ተጫረ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ። «ከሞላ ቤት» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ሜዳውን ዞረ። ግራዝማች ቢቆጡም፥ ከሞላ ጋር ልቋጠር የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ ተማክረው «ጥፋተኛው አልታወቀም» ብለው ገመዱን አስፈቱ። እውነትም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በልማዱ መሠረት ጥፋተኛ ካልተገኘ ካሳው በአገር ላይ ይጣላልና እያንዳንዱ ቤት ለግራዝማች ገብስ ሰፈረ። ለዚህም ሰው የተቀየመው እናቴን ነው። ከዚያ ወር ጀምሮ ገል ይዤ በሄድሁበት ደጅ ሁሉ «የእኛም ጠፍቷል» ተባልሁ፤ ጭሳቸው ከጣራቸው ላይ እየታየኝ። እናቴ አልለመነችም፤ አንገቷንም አልደፋችም። ፍሙን በአመድ እያዳፈነች ክረምቱን በሙሉ ሳታጠፋ አወጣችው።

አያ ሞላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሽመና ዕቃውን ነቅሎ ሄደ። ሊሰናበት በደጃችን ሲያልፍ ከጎታው ጀርባ ተደብቄ ነበር። እናቴ አልጠራችኝም፤ ወፏ እኔ መሆኔንም እስክትሞት ለማንም ትንፍሽ አላለች። እኔም ሰውየውን ይቅር በለኝ ሳልለው ቀረሁ። ካደግሁ በኋላ ስማዳ በሄድሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም። ልጅነቴ ውስጥ ብዙ ጥሩ ነገር አለ፤ ያ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ ግን በእኔ አፍ ምክንያት ጠፍቷል፤ ይህን ማንም አይመልስልኝም።

አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ፥ በአብዮቱ ዘመን፥ አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራንና ብጣሽ ወረቀት ታደለን። «ከመካከላችሁ ጠላት የሆነውን ሰው ስም ጻፉ፤ የጻፈው ማን እንደሆነ አይጠየቅም» ተባልን። ግራና ቀኝ ባልደረቦቼ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። እኔም ጻፍሁ፤ የራሴን ስም ከነአባቴ ስም። ሰብሳቢው አንብቦ ቀና አለና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጥፋቱን የማውቀው ሰው» አልሁት።