የጓሳ ድርሻዬ

በደሌ ይጻፍልኝ፤ የጓሳ ሣር ለአጨዳ በተከፈተ ቀን፣ ሴት ነሽ ተብዬ ከአባቴ ድርሻ ተባርሬያለሁ። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከተራራው መምጣቷ ነው። ያገሩ ሰው በጋራ በሠራው የእንግዳ ማረፊያ ባለድርሻ ሆና ፈርማለች። «የማን ሚስት ነሽ አላሉሽም?» ብላት ሳቀችብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ነገሩ የሆነው ገና ሳላገባ፣ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው። ጓሳን፣ የጋራ የሣር ተራራችንን፣ የመጠበቅ ተራ በየቤቱ ይዞራል፤ ማንም ሣሩ ሳይደርስ እንዳያጭድ፣ ከብትም እንዳያስገባ። አባቴ ታሞ ስለተኛ በተራው እኔ ወጣሁ። የኅዳር ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል። የበግ ጠጉር ባናዬን ተከናንቤ፣ በሶ በጥብጬ እየጠጣሁ፣ ጅብራ ዛፍ ሥር ተጠግቼ እጠብቅ ነበር። ብርዱን ስራገም አነጋና፣ ፀሐይ ወጥታ ሣሩ ላይ ያለው አመዳይ ሲያበራ መልሼ እመርቀዋለሁ። የራስ የሆነ ነገር እንዲህ ነው።

አባቴ በጥር አረፈ። በየካቲት ጓሳ ተከፈተ። ቤታችን ያፈስ ስለነበር እናቴ የክዳን ሣር ትጠብቃለች። የመክፈቻው ሰሞን እንደ በዓል ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጎጆ ቀልሶ፣ ጠላና ቆሎውን ይዞ እዚያው ይሰነብታል። እኔም ማጭዴን ይዤ ጎንበስ ስል፣ ደንቡን የሚያስከብሩት አያ ደምሴ ደረሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ተይ! ድርሻ በወንድ ነው። ስታገቢ በባልሽ ታጭጃለሽ።»

«ስጠብቅ በማን ነበር? ያኔ ለምን ወንድ አምጪ አላሉኝም?»

«ስትጠብቅ ያዩ የጓሳ ቀበሮዎች ይመስክሩላት!» አለ አንዱ አጫጅ። ሰው ሳቀ።

ጎረቤታችን ሁለት ሸክም ሣር ሊሰጠኝ ቢል፣ «ምጽዋት አልጠየቅሁም» ብዬ ባዶ እጄን ወረድሁ። ያን ክረምት እናቴ በሚያፈሰው ሁሉ ሥር ዕቃ እየደቀነች፣ «ብትቀበዪው ምን ነበረበት?» ስትለኝ ከረመች። እውነቷን ነው፤ እኔ ስኮራ የረጠበችው እሷ ናት።

መስከረም ሲጠባ፣ የጥበቃ ተራ ደርሷችኋል የሚል መልእክት መጣ። ለድርሻ የረሱትን ቤት ለጥበቃ አልረሱትም! እናቴ «እንዳትሄጂ» አለች። ሄድሁ። ጓሳ ምን አደረገኝ? በሦስተኛው ቀን ጉሙ ሲገለጥ፣ የተከለለው ሣር ውስጥ በጎች አየሁ። በጆሯቸው ምልክት አወቅኋቸው፤ የአያ ደምሴ ናቸው። ነድቼ ወስጄ በረታችን ዘጋሁባቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ እንደተሰበሰበ አያ ደምሴ መጡብኝ።

«በጎቼን ልቀቂ።»

«አያ ደምሴ፣ በደንቡ ጓሳ ጥሶ የገባ ከብት የሚይዝ ማነው?»

«ባለድርሻ ነዋ!»

«እንግዲያ እኔ ማነኝ? ባለድርሻ ካልሆንሁ የበግ ሌባ ነኝና ይክሰሱኝ። ከሆንሁም በሰው ፊት ይናገሩ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው የተሰበሰበውን ሰው ዞር ዞር ብለው አዩ። ያን ቀን የሳቀ የለም።

ዛሬ ቤቴ ቆርቆሮ ነው፤ ሣር አልሻም። ማጭዷን ግን ከግድግዳው ላይ አላወረድኋትም ነበር። የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ ምን አሉዎት፣ እማማ?» አለችኝ። ማጭዷን አውርጄ አስያዝኋትና የአያ ደምሴን መልስ ነገርኋት፦

«ለመጪው መክፈቻ ማጭድሽን ሞርደሽ ነይ።»