በሰሌዳው ጥግ የቀረው ስም

የጠመኔ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ መርሳ ከተማ የተማርንበት ክፍል ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የክፍል አለቃም ነበርኩ፣ በአለቅነቴም ሳልኮራ የዋልኩበት ቀን አልነበረም።

መምህራችን ጋሽ ሙሄ ዱላ አይዙም ነበር። ክፍሉ ሲንጫጫ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ይበልጥ ሲንጫጫ ይበልጥ ዝቅ ያደርጉና፣ እኛው ምን እንዳሉ ለመስማት ስንል እርስ በርስ እየተቆጣጠርን ጸጥ እንል ነበር። እሳቸው በሌሉበት ግን የረባሾችን ስም ሰሌዳው ጥግ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የተጻፈ ልጅ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ወጥቶ ጥፋቱን ይናገርና ስሙን በገዛ እጁ ያጠፋል፤ ያለጥፋቱ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ አለቃዋ በክፍሉ ሁሉ ፊት «አፉ በለኝ» ብላ ይቅርታ ጠይቃ ታጠፋለች። እኔ አንድም ቀን ብዬ አላውቅም ነበር።

ክረምቱ እንደገባ ሰይድ ከአባቱ ማሳ ማንጎ ይዞ መጣና፣ አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ ሰጥቶ እኔን አለፈኝ። በዚያው ቀን ጋሽ ሙሄ ለስብሰባ ሲወጡ ሁለት ለፍላፊዎችን ጻፍኩና፣ ከስማቸው ሥር ቃል ያልተነፈሰውን ሰይድን ጨመርኩት።

«ኧረ መምህር፣ ወላሂ አልረበሽኩም!» አለ ሲመለሱ።

«በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እናየዋለን» አሉት።

ያ ክፍለ ጊዜ ግን አልደረሰም። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው፣ ጦርነቱ ስለተቃረበ ደብተራችንን ይዘን ወደየቤታችን እንድንሄድ ነገሩን።

ከቀናት በኋላ የከተማው ሰው ቀዬውን መልቀቅ ጀመረ። አባቴ በሩን ቆልፎ ጎረቤቱን እየዞረ «አፉ በሉን» ሲል፣ እነሱም «አፉ ብለናል፣ እናንተም አፉ በሉን» እያሉ ሲሸኙት ያለጥፋቱ የጻፍኩት ስም ትዝ አለኝ። ሰይድ ቤት ሮጥኩ፤ ተዘግቷል። ደጋ አጎቴ ዘንድ በከረምንባቸው ወራት ሁሉ፣ ከባድ መሣሪያ ባስተጋባ ቁጥር ሰይድ ሳላናግረው ቢሞትስ እያልኩ እፈራ ነበር።

በጥር ብርድ ተመለስን። ዴስኮቹ ተማግደዋል፣ መስኮቶቹ ረግፈዋል፤ ሰሌዳው ግን እንዳለ ነበር፣ በጥጉም ሦስቱ ስሞች በእኔ እጅ ጽሑፍ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ሙሄ በጣም ከስተው ነበር፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው፤ ስሞቹን አነበቡ። ሁለቱ ልጆች ወጥተው አጠፉ።

«ሰይድስ?»

የት እንዳለ ማንም አላወቀም። እኔ ተነሥቼ «አልረበሸም መምህር፣ በቅናት ነው የጻፍኩት፣ ላጥፋው» አልኩ።

«አፉ የሚልሽ እሱ ነው ጦይባ» አሉኝ ሳይቆጡ። «እስኪመጣ ይቆይ።»

ከዚያ ወዲህ ሰሌዳውን ስናጠፋ ያችን ጥግ እንዘላት ነበር። ጋሽ ሙሄ በየጠዋቱ ሰይድንም ይጠራሉ፣ እኔም «የለም» እላለሁ፣ እሳቸውም ወደሚቀጥለው ስም ያልፋሉ።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት «ሰይድ» ሲሉ ከበሩ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። ቤተሰቡ አፋር ድረስ ዘልቆ ኖሯል፤ ጠቁሯል፣ በአንድ ጭንቅላት በልጦኛል። ወደ ሰሌዳው ወጣሁና የማንጎውን ነገር ሳይቀር ተናግሬ «አፉ በለኝ» አልኩት። ሰሌዳውን ትክ ብሎ አየና ሳቀ።

«እኔ ስንከራተት ስሜ ሲማር ከርሟል በይኛ! አፉ ብያለሁ» አለና ዳስተሩን አቀበለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ፤ ጋሽ ሙሄ ያን ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፣ አብረውን ሳቁ።

ዛሬ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነኝ፣ ለልምምድም ወልድያ ውስጥ አስተምራለሁ። የሚገመግመኝ መምህር «ክፍልሽ ይጮኻል» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። የረባሽ ስም አላስጽፍም። ያኔ ክፍሉን ስቃኝ የምፈልገው ማን እንዳወራ ነበር፤ አሁን ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ባዶ ወደሆነው ቦታ ነው። ስም ስጠራ አንዱ ልጅ «የለችም» ካለኝ፣ ጠመኔዬን አስቀምጬ የት እንዳለች እጠይቃለሁ።