ጃንጥላ የተያዘለት ዘር

አጎቴን መንደሩ «ጃንጥላ» ይለዋል። ዝናብ ስለሚፈራ አይደለም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላውን ለባቄላ ዘር ዘርግቶ፣ የራሱን መላጣ እያስጠበሰ በመንደሩ መሀል ስላለፈ ነው። ዘሩ በስኳር ውሃ ረጥቦ ጥላሸት የመሰለ ሕያው የማዳበሪያ ዱቄት ተለውሶበታል። «ውስጡ ነፍስ አለ፤ ፀሐይ ካገኘው ይሞታል» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ላልጠየቀውም ይናገራል።

የአያቴ መሬት አልተከፋፈለም። የላይኛውን አጎቴ፣ የታችኛውን አባቴ ያርሳሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የታላቅየው የአባቴ ነው። መሬቱ ደክሟል። አባቴ ከላይኛው ጀምሮ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ቆረጠ። አጎቴ ከዚያ ማሳ ሌላ የሚያርሰው የለውም።

«ጋሼ፣ አንድ ክረምት ብቻ ስጠኝ፤ በዚህ ማዳበሪያ ልሞክረው» አለው።

«ልዩነቱን በዓይኔ ካላየሁ ችግኙን አወርዳለሁ።»

አጎቴም ልዩነቱ እንዲታይ አሥር ትልም ያለ ማዳበሪያ ሊዘራ ወሰነ፤ ዳርና ዳሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረበት እንጨት ተከለ።

ባቄላው ሲያብብ አባቴ እኔን አስከትሎ ሊያይ መጣ። ማሳው ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። አሥሩ ትልምም እንዲሁ። አጎቴ ከወዲህም ከወዲያም ነቅሎ ሥሩን አየ፤ ሁሉም ላይ ምስር የሚያካክሉ እባጮች አሉ፤ በጥፍሩ ሲሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀይ ነው። ዱቄቱ መሥራቱ በዚህ ይታወቃል ብሎን ነበር። ሰብሉ እንዲህ አምሮለት ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያለ ዱቄቱም ይበቅላል ማለት ነው» አለ አባቴ። «ሰኞ ችግኙን አመጣለሁ።»

«እኔ ነኝ» አለች ከኋላችን የቆመችው የአጎቴ ሚስት።

«ምን አደረግሽ?» አላት ባሏ።

«የዘራን ቀን ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ የተረፈውን ዱቄት ለአሥሩ ትልም ዘር ለወስኩት። እነሱ ምን አጠፉ? አንዱን አብልቶ ሌላውን ጦሙን ማሳደር እኔ ቤት የለም።»

አጎቴ አልተቆጣትም። ትልሙ ላይ ተቀመጠ። አባቴን ጠላሁት።

«ባልሽን ለማትረፍ ያወራሽው ነው» ብሎ አባቴ ድንበሩን ተሻግሮ በራሱ ማሳ በኩል መንገድ ጀመረ። እኔም ተከተልኩት። ዱቄት ያልነካው የእሱ ባቄላ ዘሩ ያው፣ የተዘራበት ቀንም ያው ነው፤ ቁመቱ ግን ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፣ ቅጠሉም ቢጫ ነው። ቆም አለና አንዱን ነቀለ። ሥሩ ክር ነው፤ ምንም የለበትም። ሌላ ነቀለ። ሌላም።

«አባባ፣ የራሳችንን እኮ ነው የምትነቅለው» አልኩት አምስተኛው ላይ።

«ዝም በይ!»

ሰኞ ችግኝ አልመጣም።

በሚቀጥለው ክረምት አባቴ የዘር ቁና ታቅፎ፣ በላዩ ጃንጥላ ዘርግቶ በመንደሩ መሀል አለፈ። መላጣ የቤተሰባችን ነው፤ የእሱም አናት ተጠበሰ። አጎቴ ከኋላው ይከተላል።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ዘንበል አርገው፤ ዘሩን ፀሐይ ነካው።»

አባቴ ጃንጥላውን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ።