እህቴ ማቀዝቀዣ ገባች

ጽጌረዳን በግጥሞቼ ብዙ ጊዜ ጠርቻታለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። ሰቆጣ ላይ የማውቃት በዘመነ ጽጌ ማኅሌት ሲቆም በምሰማው ስሟ ብቻ ነበር። ታላቅ እህቴ ግን ዝዋይ አካባቢ ካለ የአበባ እርሻ ተቀጥራ ጽጌረዳ ስትቆርጥ ትውላለች።

አንድ ቅዳሜ አክስቴ ከገበያ እየሮጠች መጣች። ከእርሻው ለዕረፍት የመጣ፣ ከጎረቤታችን ወረዳ ከደሃና የሆነ ልጅ አግኝታ ስለ እህቴ ጠይቃው ኖሯል።

«ማቀዝቀዣ ገብታለች አለኝ!» ብላ ደረቷን መታች። ልጁ መንገድ ስለነበረበት ሌላ ቃል ሳይጨምር ሄዷል።

እኛ ዘንድ ሰው የሚገባበት ማቀዝቀዣ አንድ ነው፤ የሆስፒታሉ የሬሳ ክፍል። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። እኔ ወደ ስልክ ቤት ሮጥኩ።

እህቴን በስልኩ የምናገኝበት፣ ከእርሻው በር አጠገብ ያለው ባለሱቅ «ሠራተኞቹ ገና አልወጡም፤ ቆይተህ ደውል» ብሎ ዘጋብኝ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። እሾህን ከፍቅር ጋር እያዛመድኩ የጻፍኳቸው ስንኞች ሁሉ አስጠሉኝ። ደግሜ ስደውል የሴት ድምፅ መለሰልኝ።

«እታለም፣ አንቺ ነሽ?»

«እና ማን ልሁንልህ? እማዬ ደህና ናት?»

«ማቀዝቀዣ ገባች ብለውን...»

ሳቋ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ።

«አንተ ጅል! የሚቀዘቅዘው አበባው ነው! እኔማ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ካፖርት ደርቤ አበባውን እለያለሁ፣ አስራለሁ። እድገት እኮ ነው። ከፕላስቲክ ቤቱ ወበቅና ከመድኃኒቱ ርጭት ተገላገልኩ።»

«የጽጌረዳው ሽታ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ሽታ የለውም። አንገቱ ቀጥ ይበል እንጂ ስለ ሽታው የሚጠይቅ ገዢ የለም። የፈረንጆች የፍቅር ቀን ስለደረሰ በአውሮፕላን እየተጫነ ነው። አንተ በግጥምህ አሽትተኸዋል፣ አይደል?»

ቤት ስደርስ ግቢው ለለቅሶ በመጡ ሴቶች ሞልቷል። ከበሩ ሆኜ «አለች!» ብዬ ጮህኩ፤ ነገሩንም አስረዳሁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ግን አልተዋጠላቸውም። «አበባ አቀዝቅዘው ምን ያደርጉታል? ይበሉታል?»

«ለሚወዷት ሴት ይሰጡታል፣ እማማ» አልኳቸው።

«ቀዝቃዛውን?»

እናቴ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «እንኳን ቀዝቃዛውን፣ በረዶም ይስጧት! ልጄ አለችልኝ። ግቡ፣ ጠላ ቅመሱ።»