የግሩፓችን መግቢያ ጥያቄ

«ይህን ካላወቅሽ ደጋፊ አይደለሽም!»

ዛሬ ጠዋት ጋሽ በቀለ ለአንዲት የጎፋ ልጅ የጻፉላት ነው። ጋሽ በቀለ የሰፈራችንን ቡድን የደጋፊዎች ግሩፕ የከፈቱ ሰው ናቸው። ልጅቷ ደግሞ «በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በረኛችን ማን ነበር?» የሚለውን የመግቢያ ጥያቄ አልመለሰችም።

እንዴት ትመልስ? ያኔ አልተወለደችም!

(በረኛው ራሱ ዛሬ የሚያየው የእንግሊዝ ኳስ ነው።)

«ወጣቱን የአውሮፓ ኳስ ወሰደብን» እያልን በየቀኑ የምናለቅሰው ግን እኛው ነን።

እኔም አድሚን ነኝና ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «ባለፈው እሁድ ቡድናችን ሲጫወት የት ነበራችሁ?»

ልጅቷ ወዲያው መለሰች። «መካኒሳ ሜዳ፣ ዝናብ እየወረደብኝ። ከበሮ የምመታው እኔ ነኝ።»

አስገባኋት።

ጋሽ በቀለ ደወሉ። «ማን ስለሆንክ ነው የምትቀይረው? አሁኑኑ መልሰው!»

«እሱ ይቆየን ጋሼ፤ እርስዎ እሁድ የት ነበሩ?»

ስልኩን ዘጉብኝ።

አልመልሰውም። ከአድሚንነት ካነሱኝም ያንሱኝ፤ እሁድ ከበሮው አጠገብ ነኝ።

እናንተንስ «ያኔ የት ነበርክ?» ብሎ ከበር የመለሳችሁ ማን ነው? እስቲ ጻፉት።